የምንጩን ቦታ ማን ተናገረ?

ኢስቶካ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም። ማንን እንዳፈቀረ፣ ከማን እንደተኳረፈ፣ ሚስቱ ለምን ጥላው እንደሄደች ሳይጠየቅ ይዘረግፈዋል። ባስ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ የት እንዳጠመደው የጠየቁት እንደሆነ ግን ወዲያው ጆሮው ይደፈናል። ዓሣውን አንጠልጥሎ እያሳየ እንኳ «እዚያ ወዲያ ነው» ብሎ ሰማዩን ይጠቁማል። ከሁሉም አፉን የገጠመው ኦርቪል ቲበትስ ነበር። ታናሽ ወንድሙ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ «እንግዲህ መሞቴ ነው፣ አሁንስ ንገረኝ» ቢለው «ስትድን እነግርሃለሁ» አለው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል።

ኦርቪል የደበቀው አንድ ምንጭ ነው። ኢስቶካ ስፋት እንጂ ጥልቀት አልታደለም፤ የትም ቢገቡበት ከሰው ደረት አያልፍም። ሐምሌ ሲገባ የፍሎሪዳ ፀሐይ ከላይ ስትወርድበት ውሃው ለእግር መታጠቢያ የተሞቀ ይመስላል። ባሶቹ ሙቀቱ ስለሚያደክማቸው እምቦጭና ደንገል ሥር ተሸጉጠው አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ረፋድ ላይ ለማጥመጃ የተሠራ የጎማ እንቁራሪት አፍንጫቸው ሥር ቢጥሉላቸው ዞር ብለው አያዩትም። ደንገሉ መካከል ግን ከመሬት ሆድ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወጣበት፣ ከአንዲት ክፍል ቤት የማይሰፋ ቦታ አለ። ሙቀቱ እስኪያልፍ ድረስ ትልልቆቹ ባሶች እዚያ ተጠጋግተው ይከርማሉ። የቲበትስ ቤት ሕግ አጭር ነበር፦ ከምንጩ በቀን አንድ ዓሣ ብቻ፤ እሱም ተለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ትንፋሽ ሳያጥረው ወደ ውሃው ይመለሳል። ፎቶው ላይ ከዓሣውና ከመለኪያ ሰሌዳው በቀር ዛፍም ሰማይም አይታይም።

የኦርቪል ልጅ ኔቫ ይህን ሕግ የተማረችው እናቷ በሞተችበት ዓመት፣ በዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ልጅ ማጽናናት አያውቅበትም ነበርና ጀልባው ላይ አውጥቶ ምንጩን አሳያት። እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ቅዝቃዜው ሲያስደነግጣት ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ አባትና ልጅ ያንን ቦታ ይዘው ኖሩ። አባቷ የዳሌው አጥንት ካስቸገረው ወዲህ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ ሐይቁ ላይ አልወጣም። ኔቫ ግን የሱን ከባድ ጀልባ ሸጣ ካያክ የሚሏትን ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ ገዛች፤ በደንገሉ ውስጥ እየተሽሎከለከለች ከምዕራብ በኩል የራሷን መግቢያ አበጀች። ከዚያች መግቢያ ሌላ መንገድ መጠቀሙን ረስታዋለች ማለት ይቻላል።

የአባቷ ግቢ የሚባለው አሥራ አንድ አሮጌ ተጎታች ቤቶች፣ አንድ የጀልባ ማውረጃ፣ በረዶ፣ ትል፣ የለውዝ ቅቅልና የጀልባ ነዳጅ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነው። ትይዩው፣ አንድ ማይል ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ ነጫጭ ቤቶች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ውሃው ላይ የተዘረጋ የራሳቸው የእንጨት መድረክ አላቸው። እዚያ የሚኖሩትን የግቢው ሰዎች «ማዶዎቹ» ይሏቸዋል፤ ማዶዎቹም የግቢውን ሰዎች ምን እንደሚሏቸው ኔቫ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ሰምታ ጨርሳዋለች።

ግራንት ሎዌሪ ማዶ ነው። ቴነሲ ውስጥ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሲሆን ወላጆቹ ከነጫጮቹ ቤቶች አንዱን ከገዙ ሦስት ዓመታቸው፣ አባቱ ከሞተ ደግሞ ሁለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየበጋው እናቱ ዘንድ ይመጣል። መጀመሪያ ሱቁ የገባ ዕለት የጎማ ትል አንስቶ «ይኼ በዚህ ሙቀት ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ። ኔቫም «ለዓሣው ነው ወይስ ለአንተ?» አለችው። ሳቀና ትሉን መልሶ አስቀመጠው። በማግስቱ ያለ ምንም ጉዳይ በረዶ ሊገዛ መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የማዶ ቤት በረዶ የሚሠራ ማሽን እንዳለው ኔቫ ታውቅ ነበር፤ ግን አልነገረችውም።

በዚያ አገር ሴት ልጅ የማጥመጃ ቦታዋን ለወንድ ካሳየች ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ኔቫ በሁለተኛው በጋ፣ በሰኔ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ግራንትን በደንገሉ ውስጥ ከኋላዋ አስከትላ ምንጩ ዘንድ አደረሰችው። ሁለቱ ካያኮች ጎን ለጎን ቆሙ። እጁን ውሃው ውስጥ ነከረና ሳያወጣው ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ያኔ ነው ኔቫ ፊቷን ወደ ደንገሉ ያዞረችው፣ ምክንያቱም እንዲያ ሆኖ ያያት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የማጥመጃ ዘንጉን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ሲያኖረው ለምን እንደማያጠምድ ጠየቀችው።

«በቀን አንድ ብቻ ነው አላልሽም? ያንቺ ይሁን» አላት።

ያን ዕለት ኔቫ መንጋጋዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት፣ ሃያ ሦስት ኢንች የሆነች ባስ አወጣች። ግራንት መለኪያ ሰሌዳውን ያዘላት፤ የዓሣዋን ጅራት ሲያስተካክሉ ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ዓሣዋም እየተምዘገዘገች ወደ ቅዝቃዜዋ ተመለሰች። በሐምሌ መጨረሻ፣ እዚያው ምንጩ ላይ፣ አብራው ቴነሲ እንድትሄድ፣ ሚስቱም እንድትሆን ጠየቃት። ኔቫ በልቧ እሺ ካለች ቆይታለች፤ በአፏ ግን አባቷን ሳትነግር መልስ መስጠት ነውር መሰላት። እሑድ ምሳ ላይ ነገረችው። ኦርቪል የተጠበሰ ዓሣውን ሳያቋርጥ በልቶ ጨረሰና «ጥሩ» አለ። ከዚያም ሁለተኛ ብርጭቆ ሻይ ቀዳላት። ኔቫ እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብላ አላሰበችም ነበርና ተነስታ ራሱን ሳመችው።

ደስታዋ የቆየው እስከ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ለግራንት መልሷን እዚያው ምንጩ ላይ ልትሰጠው ብላ ቀደም ብላ ወጣች። ደንገሉን አልፋ ብቅ ስትል የሞተር ጭስ አፍንጫዋን መታው። በምንጩ ዙሪያ አሥራ አንድ ትልልቅ ጀልባዎች ቆመዋል። በሐይቁ ሰፊ ክፍል በኩል ባለው፣ እምቦጭ በሸፈነው ጠባብ በር፣ ሞተራቸው እምቦጩን እየቆራረጠ ገብተዋል። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ባሱን አንዱን በሌላው ላይ ያወጣሉ፤ በየጀልባው ሆድ ባለው ገንዳ፣ ከሐይቁ በተቀዳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይከቱታል፣ በኋላ ለክለብ ውድድር ለመመዘን። ከቀዝቃዛ ምንጭ የወጣ ዓሣ እዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት እንደማይቆይ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሆዳቸው ወደ ላይ የተገለበጠ ዓሦች በደንገሉ ሥር መንሳፈፍ ጀምረዋል። ኔቫ አንዷን አነሳቻት። መንጋጋዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበራት፤ በሰኔ የለካቻት ያቺው ነበረች።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደቀዘፈች አታስታውስም። ማዶ ስትደርስ ወይዘሮ ሎዌሪ መድረካቸው ላይ ለእንግዶች ቁርስ አቅርበዋል፤ ግራንት ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ በራ። ኔቫ ከካያኳ ሳትወርድ የሞተችውን ባስ እግሩ ሥር ወረወረችለት።

«ቦታውን የሚያውቅ ከሦስት ሰው በቀር የለም» አለችው። «አንዷ እኔ ነኝ። አንዱ አባቴ ነው።»

ግራንት ዓሣዋን አየ፣ እሷን አየ። ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ ያንን ጊዜ ነው ኔቫ የበደለኛ ዝምታ አድርጋ የቆጠረችው።

«ኔቫ፣ ውረጂና እንነጋገር።»

«እኔ ከማዶ ሰው ጋር ወሬ የለኝም።»

ወይዘሮ ሎዌሪ ለእንግዶቻቸው ፈገግ እያሉ አንድ ሰው ያንን ዓሣ እንዲያነሳላቸው ጠየቁ። ኔቫ መቅዘፊያዋን አዞረች። ግራንት ከነጫማው ከነልብሱ ዘሎ ውሃ ውስጥ ገባና እስከ ደረቱ እየሰጠመ ተከተላት፤ ስሟን ሲጠራ ትሰማዋለች። ዘወር ብላ አላየችውም። ዘወር ብትል እንደምትሸነፍ ታውቅ ነበር፤ ከመሸነፍ ደግሞ መቁሰል ተሻላት።

ስልኩን ዘጋችበት። ደብዳቤ ላከ፤ ሳትከፍተው ጀርባው ላይ «ለላኪው ይመለስ» ብላ መለሰችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲመጣ ወስዳ መስኮቱ ላይ በብርሃን ያዘችው፤ ከስሟ በቀር የሚነበብ አልነበረም። ፖስተኛው፣ ሁሉንም የሚያውቅ የመንደር ሰው ነውና፣ «ቢያንስ ይህቺን እንኳ ብታነቢያት» ብሎ ለመናት። እሷም ያንተ ሥራ ማድረስ ነው ብላ አሳፈረችው። አባቷ በእነዚያ ሳምንታት ከወትሮው የዋህ ሆነላት። ጠዋት ጠዋት ሱቁን እሱ ይከፍትላታል፤ ማታ ወሬ ይፈልግላታል። አንድ ማታ ደጋግሞ «ያልፋል ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» ሲላት ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም እንደ ልጅነቷ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት።

በነሐሴ መጨረሻ ምንጩ ላይ የሚመጣ ጀልባ አልነበረም፤ የሚጠመድ ነገር ስላልቀረ። ከዚያ የመርከበኛ ኮፍያ ያደረገ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ በረዶ ሊገዛ ሱቁ ገባ። የዚያ ቅዳሜ ሰዎች ክለብ አባል ነበር፤ ኔቫ ግን አላወቀችውም፣ እሱም እሷን አላወቃትም። በረዶውን እስክታመጣለት ድረስ ስለ ሙቀቱ አማረረ፣ ስለ ጉልበቱ አማረረ፣ ከዚያ ስለ ሞኝነታቸው ያወራላት ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የክለቡ አለቃ የአንድ ምስጢራዊ ቦታ ምልክት ከሰው ሰምቶ በወረቀት ጽፎ አመጣላቸው። ሐይቅ ላይ ቦታ የሚያዘው ዳር ላይ የሚታዩ ነገሮችን ሁለት ሁለት አድርጎ በማስተካከል ነው፤ አንዱ ከሌላው በላይ ቀጥ ብሎ እስኪታይህ ጀልባህን ታንቀሳቅሳለህ፣ ሌሎች ሁለቱንም እንዲሁ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ትቆማለህ። እነሱም የውሃ ታንከሩን ከጀልባ መጠለያው ጋር አስተካከሉ። ሁለተኛው ግን አልገኝ አላቸው።

«የቤተ ክርስቲያኑን ማማ ከጠማማው ዛፍ በላይ አድርጉ ይላል» አለ ሽማግሌው እየሳቀ። «ዛፉ አለ። ቤተ ክርስቲያኑም አለ። ማማው የታለ? ዓርብ ዕለት ግማሽ ቀን ሙሉ አሥራ አንድ ጀልባ ማማ ስንፈልግ ዋልን እኮ ልጄ። በኋላ ነዳጅ ማደያው ብንጠይቅ፣ ማማው በአውሎ ነፋስ የወደቀው ከስድስት ዓመት በፊት ነው አይሉንም? የነገረው ሰው እንግዲህ ከመቃብር ተነስቶ መሆን አለበት።»

ኔቫ የበረዶውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው የገንዘቡን መልስ ተቀብሎ፣ አመስግኖ እስኪወጣ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

የማማውን መውደቅ ሐይቁ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ በቆርቆሮ ክዳን ተሸፍኖ ነው ያለው። ከግቢው ሆኖ ግን አይታይም፣ ዳርቻው ይጋርደዋል፤ ሐይቁ ላይ ዘጠኝ ዓመት ያልወጣ ሰው ምንጩን ሲያስታውስ የሚታየው ከነማማው ነው። ግራንት ወደዚህ አገር ሲመጣ ማማ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ እሷ ያሳየችው የደንገሉን መግቢያ ብቻ ነበር፤ ጀልባዎቹ የገቡበትን፣ ድሮ የአባቷ ጀልባ ይገባበት የነበረውን ያንን የእምቦጭ በር አንድም ቀን አላሳየችውም። የበሩን ነገር እንኳ በዚያ ቅዳሜ ማወቅ ትችል ነበር። ዓይኗ እያየ አላየችውም።

ኦርቪል ከቤቱ ኋላ፣ ማራገቢያው ሥር ተቀምጦ የማጥመጃ ክር ማጠንጠኛውን ዘይት እየቀባ ነበር። ኔቫ ፊት ለፊቱ ቆመች። 

«አባዬ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ወድቋል።»

አልገባውም። ቀና ብሎ አያት፤ ቀጥሎ ገባው። ማጠንጠኛውን ቀስ ብሎ ጨርቁ ላይ አኖረው።

«መቼ?» አለ።

«ስድስት ዓመት ሆነው።»

 አልካደም፤ ያ እንኳ ቢሆን ኔቫን አላጽናናትም። ከእሑዱ ምሳ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት የክለቡ አለቃ ነዳጅ ሊቀዳ እንደመጣ፣ ሁለቱ ብቻ እንደነበሩ፣ ምልክቱን ሲነግረው ድምፁ እየተቆራረጠበት ሰውየው «ይረጋጉ አባት» ብሎ እንደታገሠው ነገራት። ማንን እንደምትጠረጥር ያውቅ እንደነበር አልሸሸጋትም። እንድትጠረጥር ብሎ ነበር ያደረገው።

«ምንጩን አርባ ዓመት ጠበቅኩት» አለ። «አንቺን ሃያ ዘጠኝ ዓመት። ከሁለት አንዱ ሊሄድብኝ ነበር። መረጥኩ።»

«እኔ ልሄድብህ አልነበረም እኮ። ላገባ ነበር።»

«እናትሽም ሆስፒታል ስትገባ ለሦስት ቀን ነው ብላኝ ነበር።»

 ልትጮህበት ፈለገች፤ ትከሻው በዚያች ወንበር ላይ ምን ያህል እንዳነሰ አየችና ተወችው። በደለኛን ሰው መጥላት ቀላል ነው ይባላል። ያሳደገ እጅ ሲሆን ግን ከጥላቻው ጋር አብሮ ምን ምን እንደሚመጣ የሚናገር የለም። እዚያው ጥላው ወጣችና ካያኳን ወደ ውሃው ገፋች።

ሰማዩ ከደቡብ ጠቁሮ ነበር። የነሐሴ ከሰዓት ነውና መብረቁ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ልምድ ያለው ቀዛፊ በዚያ ሰዓት ከዳር አይርቅም። ኔቫ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር አልተሰማትም። እየቀዘፈች የምትለውን አሰበች፤ ይቅርታዬን በእንብርክክ እጠይቀዋለሁ፣ ከዚያም መልሱን፣ ያንን በሐምሌ የያዘችውን እሺታ እሰጠዋለሁ አለች። ልቧ እያዘነም ቢሆን መሃል ላይ ተስፋ ያዛት። ግራንት ያፈቅራታላ። ከነጫማው ውሃ ውስጥ የገባላት ሰው ይቅር ሳይላት አይቀርም።

ግራንት የራሱን ካያክ መኪናው ጣራ ላይ እያሰረ ነበር። ሲያያት ገመዱን ያዘ እንጂ ወደ እሷ አልመጣም። ከስቷል። ኔቫ ከነጭቃዋ ሣሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፦ ሽማግሌውን፣ ማማውን፣ አባቷን። እስክትጨርስ ሰማት። ምንም አልደነቀውም።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሰዎቹ ጎረቤታችን ዘንድ ሲያርፉ ስለ ማማው ፍለጋ እያወሩ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። እኔ ማማ ስለማላውቅ እናቴን ጠየቅኳት፤ እሷም ጎረቤቱን ጠየቀች፤ ከስድስት ዓመት በፊት መውደቁን ነገራት።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ? በደብዳቤው ውስጥ...»

«ደብዳቤዎቹ ውስጥም የለም። ሦስቱም ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው። ‹አንተ ነህ ወይ ብለሽ ጠይቂኝ› ነው የሚለው። ሌላ ነገር የለውም። ብትጠይቂኝ አይደለሁም እልሽ ነበር፤ ማን ነው ብትይኝ ግን አላውቅም እልሽ ነበር።»

«ለምን?»

«እናት የለሽም ኔቫ። አባትሽን ከወሰድኩብሽ ማን ይቀርሻል ብዬ ነው።»

ያኔ እንባዋ መጣ። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ እሱ ግን ገመዱን አልለቀቀም። ይቅር በለኝ አለችው። ይቅር ብሎሻል ልቤ አላት፣ ቂም የለኝም አላት። ኔቫም እንግዲያው ይዘኸኝ ሂድ፣ አሁኑኑ፣ እንዲሁ ከነልብሴ ሂድ ካልከኝ እሄዳለሁ አለችው። ይህን ቃል ለመስማት ሁለት በጋ እንደጠበቀ ፊቱ ላይ ይነበባል። 

«ሦስት ሰው ነው የሚያውቀው አልሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ከሦስቱ አባትሽን አልጠረጠርሽም፤ እሺ፣ አባት ነው። እኔን ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልጠየቅሽኝም። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከዚህኛው ዳር ስለሆንኩ ነው። እናቴ ስለ እናንተ ስታወራ አፌን ሞልቼ የምከራከራት እኔ ነበርኩ። አንቺ በሷ ፊት ‹የማዶ ሰው› አልሽኝ። ስሜን እንኳ አልጠራሽም።»

«ተናድጄ ነው።»

«አውቃለሁ። ወደፊትም ትናደጃለሽ፣ ሰው ነሽ። ቴነሲ ስንኖር አንድ ነገር ሲጠፋ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ዓይንሽ መጀመሪያ ወደ እኔ ይዞራል። እኔም ሁልጊዜ ዓይንሽን እጠብቃለሁ። እንዲህ ሆኖ አይኖርም፤ እኔ አልችልበትም።»

ኔቫ ልትከራከር አፏን ከፈተች። እንዲህ አይሆንም ልትለው፣ ልትምልለት ፈለገች። ግን እውነቱን ተናገረ፤ እሷም በልቧ ታውቀዋለች። ያን ቅዳሜ መድረኩ ላይ ስታየው ያየችው ያፈቀራትን ሰው አልነበረም፤ ነጭ ቤት ነበር፣ የአውቶቡሱን ሳቅ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሰዎች የመጣችበትን ዳር እያዩ እንደፈረዱባት ስታማርር ኖራ፣ ፍርዱ በእጇ ሲገባ እሷም ያንኑ አደረገች።

የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች መኪናው ጣራ ላይ ተሰሙ። ግራንት ቀረብ ብሎ ከጉንጯ ላይ ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገላት። እጁ ጉንጯ ላይ ጥቂት ቆየ። እስኪያልፍ ድረስ የቤቱ ጣራ ሥር ቁሚ፣ በዚህ መብረቅ እንዳትወጪ ብሎ አስጠነቀቃት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ። እናቱ ከመስኮቱ መጋረጃ ገለጥ አድርገው ያዩ ነበር። ኔቫ መኪናው ከጠመዝማዛው እስኪሰወር ቆመች፤ ከተሰወረ በኋላም ቆመች። ዝናቡ እስከ አጥንቷ ቢያረጥባትም አልታወቃትም። ስትመለስ ሐይቁ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ደንገሉን ስታልፍ ወደ ምንጩ አላየችም፤ መሃሉን ይዛ ቀጥ ብላ ቀዘፈች።

አባቷ እራቱን አሙቆ፣ ገበታውን ለሁለት አሰናድቶ ጠበቃት። ዳሌው እያመመው እንዴት ብሎ እንደቆመ እግዜር ይወቀው፤ የምትወደውን የበቆሎ ቂጣ ሳይቀር ጠብሶላታል። ገብታ ስትቆም ልብሷ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ሄደ?» አላት።

«ሄደ።»

ኦርቪል ዓይኖቹን ወደ ሳህኑ ዝቅ አደረገ። ደስታውን ሊሸሽግ ሞከረ፤ ግን ሰው ነውና ትከሻው ቀለለለት፤ ኔቫም አየችው። ወንበር ስቦላት ተቀመጪ ልጄ፣ ይበርድብሻል አላት። የፈለገውን አግኝቷል። ምንጩን ሰጥቶ ልጁን አስቀርቷል፤ ሱቁን የሚከፍት ሰው አለ፣ ሲያመው ውሃ የሚያቀብለው ሰው አለ፣ በሚሞትበት ቀን ዓይኑን የሚከድንለት ሰው አለ።

ኔቫ አልተቀመጠችም። የእሷን ሳህን አንስታ ምግቡን ወደ ድስቱ መለሰች፤ ሳህኑን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው ላይ አኖረችው። አባቷ የበቆሎ ቂጣውን በእጁ እንደያዘ ያያታል። ስሟን ጠራት። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችና ከውስጥ ቆለፈችው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ የልጁ በር ሲቆለፍ ኦርቪል የሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።